ትንፋሽ ያጠረው ሁሉ ነርቩ ታሟልን?

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር፣ ውርጩ የጓሳውን ሣር ነጭ አልብሶት ባደረበት በአንድ ማለዳ፣ ለጤና ጉብኝት ከመሐል ሜዳ ወደ ጓሳ አፋፍ ወጥተን ሳለን፣ አንድ ወጣት መምህር ያረፍንበትን ደጅ አንኳኳ። ቤት ያከራዩት አሮጊት ባና ደርበው ከኋላው ቆመዋል። መምህሩ ከተቀመጠ በኋላ ወዲያው ወደ ነገሩ አልገባም፤ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ብርዱ፣ ከሸዋ ሮቢት ተዛውሮ ስለ መምጣቱ አጫወተን። በመካከሉ ግን በየጥቂት ደቂቃው ትከሻውን ወደ ላይ እየሳበ፣ ኀዘን እንዳለበት ሰው፣ ረዥም ትንፋሽ ይተነፍስ ነበር። በመጨረሻ ከኪሱ አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ «ይህን ለወንድሜ ጽፌዋለሁ፤ እናንተ ካያችሁኝ በኋላ ልልከው ነው» አለን። ወረቀቱ ኑዛዜ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መምህሩ ወደ መንዝ ከመጣ ሁለት ወር ሆኖታል። ከመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች በአንደኛው፣ ትንፋሹ ቆሞ፣ ውሃ ውስጥ እንደ ሰጠመ ሰው ባንኖ ነቃ። ከዚያ ወዲህ ቀንም ቢሆን ትንፋሹ «አልሞላ» አለው፤ አየር ይስባል፣ አየሩ ግን እስከ ታች አልደርስ ይለዋል። ጣቶቹንና የከንፈሩን ዙሪያ ይነዝረዋል፤ አልፎ አልፎም የክንዱ ሥጋ ሳያዝዘው ይርገበገባል። ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሳንባው ከተደመጠ በኋላ «ምንም የለብህም» ተባለ። ወደ ሌላ ሄደ፤ በዚያም «ጭንቀት ነው» ተባለ። እርሱ ግን ማንበብ የሚወድ ሰው ነውና፣ ምልክቶቹን በእጅ ስልኩ ላይ እየጻፈ ሲፈልግ አድሮ፣ ሊነጋጋ ሲል ሐኪሞች በአጭሩ ኤ.ኤል.ኤስ. ከሚሉት፣ የአንቀሳቃሽ ነርቮች ደዌ ከተባለው ሕመም ላይ ደረሰ። ይህ ደዌ የሰውነትን ጡንቻ ሁሉ እያከሳ ሄዶ በመጨረሻ የመተንፈሻን ጡንቻ የሚያደክም መሆኑን አነበበ። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ በራሱ ላይ ፈርዶ ነበር። አባቱ የተዉለትን በሬ ሸጦ፣ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ፣ አንጎሉን በትልቁ መሣሪያ ሊያስነሣ ቆርጧል።

ይህን የምንጽፈው በመምህሩ ፍርሃት ለመሳለቅ አይደለም። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ በሥራችን ደጋግሞ ያጋጥመናል፤ አብዛኞቹም መምህራን፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞችና ተማሪዎች ናቸው። ያላነበበ ሰው ትንፋሹ ያለ ምክንያት ሲያጥረው ነገሩን ለዛር ወይም ለሰው ዐይን ይሰጠው ነበር፤ ያነበበው ደግሞ ለነርቭ ይሰጠዋል። በእኛ አስተያየት ለዚህ ፍርሃት ከሕመምተኛው ይልቅ የሚወቀሰው «ምንም የለብህም» ብሎ የሚያሰናብተው ባለ ሙያ ነው። ሌሊት ትንፋሹ ቆሞ የሚባንንን ሰው ምንም የለብህም ማለት፣ አንድም ውሸታም ነህ፣ አንድም እኔ አላውቅም ማለት ነው። ሕመምተኛውም ሁለተኛውን ትርጕም ይዞ ሌላ ዐዋቂ ፍለጋ ይሄዳል።

መምህሩ ግን ብዙ ነገር ነበረበት። በመጀመሪያ አየሩ ነበረበት።

የጓሳ ምድር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ሸዋ ሮቢት በ1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ቆላ ነው። እንግዲህ መምህሩ ሻንጣውን ጭኖ የጣርማ በርን አቀበት በወጣበት በዚያ አንድ ቀን፣ ሰውነቱ ሁለት ሺህ ሜትር ያህል ሽቅብ ተጓዘ ማለት ነው። ብዙ ሰው በደጋ አየር ውስጥ የኦክሲጅን ድርሻ ያነሰ ይመስለዋል፤ አይደለም፤ በቆላም ሆነ በደጋ ከመቶው 21 ያህሉ ኦክሲጅን ነው። የተለወጠው የአየሩ ክብደት ነው። አየሩ ስለ ሣሣ፣ በጓሳ በአንድ ትንፋሽ የምንስበው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ከምንስበው ሁለት ሦስተኛው ያህል ብቻ ነው። ሰውነትም ይህን ጕድለት ለማሟላት ትንፋሹን ያፈጥናል።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነገር እንግዳ ስለ ሆነ ቀስ ብለን እናስረዳ። አንጎላችን ትንፋሽን የሚያዝዘው ባብዛኛው በኦክሲጅን ማነስ ሳይሆን፣ የተቃጠለው አየር፣ ማለት ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በደም ውስጥ ሲጠራቀም ነው። እንግዳው ሰው በደጋ አየር ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ የተቃጠለውን አየር ከልክ በላይ አውጥቶ ይጥለዋል። በእንቅልፍ ጊዜ ታዲያ አንጎል «አሁን መተንፈስ አያስፈልግም» ብሎ ትንፋሹን ለጥቂት ሰከንድ ያቆመዋል። የተቃጠለው አየር እንደ ገና ሲጠራቀምና ኦክሲጅኑ ሲወርድ ትንፋሹ በኀይል ይመለሳል፤ ሰውየውም ይባንናል። ይህ እየተመላለሰ ሌሊቱን ሙሉ ሊሆን ይችላል። ኢጣልያዊው የሰውነት ተፈጥሮ ዐዋቂ አንጀሎ ሞሶ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ፣ ሞንቴ ሮዛ በተባለው የአልፕስ ተራራ የተኙ ጤነኛ ሰዎች ትንፋሽ እንዲህ እየቆመ ሲቀጥል መዝግቦታል። ከ2,500 ሜትር በላይ በሚያድር እንግዳ ላይ የሚታይ የተለመደ ነገር ነው፤ ባብዛኛው ሰውነት አገሩን ሲለምድ ይቀንሳል።

የጓሳ ተወላጅ ለምን እንዲህ አይሆንም? የሚል አንባቢ ቢኖር ጥያቄው ትክክል ነው። ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያንን መርምራ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ባሳተመችው ጥናት፣ የደጋ ሰዎቻችን ደም የሚይዘው ኦክሲጅን በአማካይ ከመቶ 95 ያህል መሆኑን፣ ደማቸውም ከባሕር ጠረፍ ሰዎች ደም ይልቅ እንዳልወፈረ ገለጸች። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ግን ደማቸው በቀይ ሕዋሳት ይወፍራል። የእኛ ደገኞች በምን ዘዴ እንዲህ እንደ ሆኑ ሊቃውንት ገና ይመራመራሉ። የሸዋ ሮቢቱ መምህር ይህን ጸጋ በሁለት ወር ሊያገኘው አይችልም ነበር።

ነገር ግን የከፍታው ነገር በጥቂት ሳምንት መቅለል ሲገባው በእርሱ ላይ ለምን ቀጠለ? ይህን ለማስረዳት ስለ ራሳችን መናገር ግድ ሆነብን።

በባሕር ማዶ ትምህርት ላይ ሳለን፣ የነርቭ ሕመሞችን በተማርንበት ወቅት፣ የቀኝ ዐይናችን ቆብ መርገብገብ ጀመረ። ሦስት ቀን ያህል ታገሥነው። በአራተኛው ቀን ምላሳችንን በመስተዋት ፊት እያወጣን መመርመር ጀመርን፤ የዚያ ክፉ ደዌ ምልክት በምላስ ላይ እንደ ትል የሚሄድ መርገብገብ እንደ ሆነ በዚያው ሳምንት ተምረን ነበርና። ማንም ሰው ምላሱን አውጥቶ ረዥም ጊዜ ቢያየው ሲንቀሳቀስ ያገኘዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትንፋሻችን አልሞላ አለን፤ ጣቶቻችን ነዘሩ፤ ሌሊት በመስኮት አጠገብ ተቀምጠን አየር እንቈጥር ነበር። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ መምህራችን ዘንድ ሄደን፣ አፍረን፣ ነገርነው። አልሳቀብንም። መርምሮን ሲጨርስ የተናገረውን እስከ ዛሬ አልረሳነውም፤ «የታመመ ነርቭ በመጀመሪያ የሚያጎድለው ሥራን ነው። ትናንት የቈለፍከውን ቍልፍ ዛሬ መቈለፍ አቃተህን? ደረጃውንስ መውጣት?» አለ። ምንም ያቃተን ሥራ አልነበረም። ያቃተን መተኛት ብቻ ነበር።

የፍርሃት አሠራሩ ይህ ነው። የፈራ ሰው ሳያውቀው በደረቱ የላይኛው ክፍል ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። አየሩ ስላነሰው ሳይሆን ስለ በዛበት የተቃጠለው አየር ከደሙ ይወጣል፤ ደሙም ጥቂት ወደ ኖራ ጠባይ ያዘነብላል፤ በደም ውስጥ ያለው የካልሲየም ሥራ ይለወጥና ነርቮች በቀላሉ የሚነኩ ይሆናሉ። ስለዚህ ጣትና ከንፈር ይነዝራል፣ ሥጋ ይርገበገባል፣ ራስ ይቀላል። ሕመምተኛው ይህን ሁሉ ሲያይ ይብስ ይፈራል፤ ሲፈራም ይብስ ይተነፍሳል። በደጋ አገር ላይ ያለ እንግዳ የተቃጠለው አየር ቀድሞውኑ ቀንሶበታልና ወደዚህ ክብ ለመግባት ጥቂት ፍርሃት ይበቃዋል። መምህሩን ያስጀመረው ተራራው ነው፤ ያቈየው ግን ያነበበው ነው። (ለዚህ ፌስታል ፊት ላይ ደፍቶ መተንፈስ ይጠቅማል የሚሉ አሉ። ፈጽሞ አይደረግ። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ይጐዳበታል፤ አየሩ በሣሣበት በደጋማ ምድርም ይብሳል። በአፍንጫ ቀስ ብሎ ስቦ ከሳቡት ይልቅ አስረዝሞ ማውጣት ይሻላል።)

እንግዲህ ነርቭ ሲታመም ትንፋሽ አያጥርም ልንል ነውን? አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1952 በኮፐንሃገን ከተማ የልጅነት ልምሻ በገባ ጊዜ፣ በብሌግዳም ሆስፒታል የተኙት ሕፃናትና ወጣቶች የመተንፈሻ ጡንቻቸው እየሰነፈ ይሞቱ ነበር። ሐኪም ቢዮርን ኢብሰን በጕሮሯቸው ቀዳዳ በኩል ቱቦ እያስገባ በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት አየር እንዲሰጣቸው አደረገ፤ 1,500 ያህል ተማሪዎችም ሌትና ቀን እየተፈራረቁ ከረጢቱን ጨመቁ። ዛሬ በየሆስፒታሉ ያለው የጽኑ ሕሙማን ክፍል የተወለደው ከዚያ ነው። ነርቭ ትንፋሽን ሲወስድ ግን እንዴት እንደሚወስድ ልብ ይባል፤ እነዚያ ሕፃናት እግራቸው ወይም ክንዳቸው ዝሎ፣ ምራቃቸውን መዋጥ አቅቷቸው፣ ድምፃቸው ሰልሎ ነበር የሚመጡት። በአገራችንም ጓያ አብዝቶ የበላ ሰው የሚይዘው «ሰበረ» የታወቀ የነርቭ ሕመም ነው፤ ሰበረ እግርን ያሽመደምዳል እንጂ ትንፋሽን አይነካም።

መምህሩ የፈራው ደዌስ ምን ያህል አለ? ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በመስቃንና ማረቆ አካባቢ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ 60,820 ሰዎችን ያካተተ ጥናት አድርገው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1990 አሳትመዋል። የሚጥል ሕመም ከ1,000 ሰው 5 ያህሉን ይዞ ሲያገኙት፣ የአንቀሳቃሽ ነርቮች ደዌ ግን የተገኘው ከ100,000 ሰው በ5 ልክ ነው። ከእነዚህም በዓለም ሁሉ ሕመማቸው ከትንፋሽ የሚጀምርባቸው ከመቶ አንድ እስከ ሦስት የሚሆኑት ናቸው፤ የቀሩት በእጅ፣ በእግር ወይም በአንደበት መስነፍ ይጀምራቸዋል። ባብዛኛውም ዕድሜያቸው ከአምሳ ያለፈውን ይይዛል። የታወቀው እንግሊዛዊ ሊቅ ስቲቨን ሆኪንግ በ21 ዓመቱ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1963፣ ይህ ደዌ እንዳለበት ተነግሮት እስከ 2018 መኖሩ ከብዙው ሰው የተለየ ነው፤ እርሱንም ያስጀመረው ትንፋሽ ሳይሆን እየተደናቀፈ መውደቅ ነበር። መምህሩ ሊያስነሣው ያሰበው የአንጎል ፎቶግራፍ ደግሞ ሌላ በሽታ አለመኖሩን ለማየት ይረዳል እንጂ ይህን ደዌ ለይቶ አያሳይም። ደዌው የሚታወቀው ሐኪም ጡንቻን በእጁ ፈትሾ፣ የነርቭንና የጡንቻን ኤሌክትሪክ በመሣሪያ ለክቶ ነው። በሬው ቢሸጥ ኖሮ በከንቱ ነበር።

መምህሩን መረመርነው። ቀን ሙሉ በጠመኔ ሲጽፍ ይውላል፤ እጁ አልደከመም። ከተማሪዎቹ ጋር ኳስ ሲጫወትና አቀበት ሲወጣ ትንፋሹን ረስቶት ይውላል፤ የሚያጥረው ማታ ተቀምጦ ደብተር ሲያርም ነው። የታመመ ጡንቻ እንዲህ አያደርግም፤ ሥራ ሲበዛበት ይደክማል እንጂ ሥራ ሲፈታ አይደክምም። በጀርባው ተንጋሎ እንዲተኛ አደረግነው፤ አልከበደውም። በኀይል አሳልን፤ ሳሉ ጠንካራ ነው። አንድ ጊዜ አየር ስቦ ሳያቋርጥ እንዲቈጥር ብንለው 43 ደረሰ። ጤነኛ ጐልማሳ 40ና 50 ይደርሳል፤ ከ20 በታች የሚቆም ሰው ያሳስበናል።

የሚያሳስበንን ሰው መምህራን ቢያውቁት ይጠቅማልና እንናገር። በጀርባው መተኛት አቅቶት በትራስ ተደግፎ የሚያድር፣ ጠዋት በራስ ምታት ተነሥቶ ቀን ሙሉ የሚያንቀላፋ፣ ሳሉ የሰነፈ፣ ውሃ ሲጠጣ የሚያንቀው ሰው ሳይዘገይ ሐኪም ይየው። የዐይኑ ቆብ ወደ ማታ እየወደቀ፣ ድምፁ ሲናገር እየሰለለ የሚሄድ ሰው ሚያስቴኒያ የተባለ ሕመም ይኖርበት ይሆናል፤ ይህ መድኃኒት ያለው ሕመም ነው፤ በፍርሃት ወይም በ«ጭንቀት ነው» ምክንያት ሳይታከም ቢቀር ያሳዝናል። ከተቅማጥ ወይም ከጉንፋን በኋላ እግሩ ዝሎ፣ ዝለቱ በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ ላይ እየወጣ የሚሄድ ልጅ ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ይህን ሁሉ ለመምህሩ በወረቀት ላይ ሥዕል እየሣልን ስናስረዳ አንድ ሰዓት ያህል ሄደ። ፊቱ ሲፈታ አየን። ልንሰናበት ስንነሣ አሮጊቲቱም ከወለሉ ለመነሣት እጃቸውን በግድግዳው ላይ ደገፉ፤ በዚያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየናቸው።

ከንፈራቸው ጠቍሯል። ሲተነፍሱ የአንገታቸው ሥር ይጐደጕዳል። ከቤታቸው እስከዚህ ያለችውን አጭር አቀበት ሲወጡ ሦስት ጊዜ እንዳረፉ መምህሩ ነገረን። «እማማ፣ እርስዎስ ለምን መጡ?» ብንላቸው፣ «ልጁ መንገድ ላይ እንዳይወድቅብኝ ነው» አሉ። ሳሉስ? «እርጅና ነዋ።» ከስንት ዓመት ጀምሮ? አላስታወሱም፤ ካገቡበት ጊዜ ጀምሮ ኩበት እያነደዱ መጋገራቸውን ግን ያስታውሳሉ። ቤታቸው እንደ ብዙው የመንዝ ቤት ከድንጋይ የተሠራ፣ በጓሳ የተከደነ፣ ለብርዱ ሲባል መስኮት የሌለው ነው። ጢሱ የሚወጣበት በር አንድ ነው፤ እርሱም ማታ ይዘጋል። ጢሱ ክዳኑን ከነቀዝ ይጠብቀዋል ይላሉ። በውጭ ካለው አየር ንጹሕነት የተነሣ ሰው ለመጐብኘት በሚመጣበት በጓሳ፣ አንዲት ሴት በቤቷ ውስጥ ዐርባ ዓመት ጢስ ስትተነፍስ ትኖራለች። የዓለም የጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2020 በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደ ሞቱ ገምቷል።

እኛም ብንሆን ያን ሁሉ ጊዜ የተማረውን ሰው ስናዳምጥ፣ የታመሙት ሰው አጠገባችን ተቀምጠው ነበር። ይህን ስንጽፍ እናፍራለን። ትንፋሹ ያሳሰበው ይናገራል፣ ያነባል፣ በሬ ይሸጣል፤ ትንፋሿ በእውነት የጠፋባት ግን «እርጅና ነው» ብላ ትቀመጣለች። ከነርቭ ደዌ አንድ ሰው በሚገኝበት አገር፣ ከጢስ፣ ከሳንባ ነቀርሳ፣ ከአስም፣ ከልብ ሕመምና ከደም ማነስ የተነሣ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ብዙ ነው፤ እነዚህም ባብዛኛው በእጃችን ባለ መሣሪያና መድኃኒት የሚረዱ ናቸው። መምህራን በክፍል ውስጥ ስለ ትንፋሽ ሲያስተምሩ፣ ተማሪው ወደ ቤቱ ሄዶ የእናቱን ሳል እንዲጠይቅ ቢያዝዙት እንወዳለን።

አሮጊቲቱን ወደ መሐል ሜዳ ሆስፒታል ላክናቸው። አክታቸው ተመርምሮ የሳንባ ነቀርሳ አልተገኘባቸውም፤ የአየር ቧንቧቸው ግን በጢስ ጠብቧል፤ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ተሰጣቸው። ያደረሳቸው መምህሩ ነው፤ ስንቃቸውን ተሸክሞ፣ እጃቸውን ይዞ። በመንገድ ላይ «እማማ ይቍጠሩ» ብሏቸው 11 ላይ እንደ ቆሙ በኋላ ነገረን። የእርሱ ትንፋሽ እንዴት እንደ ሆነ ብንጠይቀው ጥቂት አሰበና «በዚያን ቀን አላየሁትም» አለ። ኑዛዜውን አልቀደደውም፤ በሣጥኑ ውስጥ አለ።

ከምድጃው በላይ ባለው ግድግዳ የጢስ መውጫ እንዲከፈት ተነጋግረናል። አሮጊቲቱ በመጀመሪያ ብርዱን ፈርተው እንቢ አሉ፤ በኋላ ግን ገብሱ ተወቅቶ ከገባ በኋላ ይሁን ብለዋል። በሚመጣው ወር ወደዚያ ስንወጣ እናየዋለን።